እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ፦ የዕረፍት የመጀመሪያዋ ቀን በአልዌሮ ግድብ



«ትዳር የሚፈተነው በችግር ቀን ነው» ሲባል እንሰማለን። ልክ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምርበት፦ ትዳር በዕረፍት ቀንም ይፈተናል። በተለይ በመጀመሪያዋ ቀን! በሥራ ቀንማ ምን ችግር አለ? ባል ወደ መሥሪያ ቤቱ፣ ሚስት ወደ ጉዳይዋ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤታቸው ይበታተናሉ። ማታ ራት ተበልቶ፣ ዜና ታይቶ ይተኛል። ማን ምን እንደሚመኝ፣ ማን ምን እንደሚፈራ ሳይጠያየቁ ዓመቱ እልም ይላል። ሁሉም በአንዲት መኪና ታጭቀው መንገድ ሲጀምሩ ግን... በቃ! የተከደነው ሁሉ ይገለጣል።

ዕረፍቱ ውሃ ላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከራል። ውሃ ለተቆጣም ለተኮራም አያዳላም። አበው «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» የሚሉት ወደው አይደለም።

ዛሬ የማወጋችሁ ጋምቤላ ከተማ ከሚኖረው ከታላቅ ወንድሜ ቤተሰብ ጋር አልዌሮ ግድብ ስለዋልንባት አንዲት የጥር ቀን ነው። እንድጽፈው ባልም ሚስትም ፈቅደውልኛል። ስማቸውን ግን አልጠራም፤ እናንተም ጋምቤላ ስትሄዱ እነማን ናቸው ብላችሁ እንዳትጠያይቁ!

«ክሩዝ» የሚሉት ነገር

የነገሩ መነሻ ፎቶግራፍ ነው። አሜሪካ የምትኖር የአክስታችን ልጅ ባሏንና ልጆቿን ይዛ በመርከብ ለዕረፍት ወጣችና ፎቶውን ላከችልን። መርከብ ስላችሁ ጭነት የሚጫንባትን እንዳታስቡ። መዋኛ ገንዳ፣ ሲኒማ ቤት፣ ምግብ ቤት ሁሉ በውስጧ ያለባት፣ ባሕር ላይ የተንጣለለች ባለ ብዙ ፎቅ ሆቴል ናት። ፈረንጆቹ «ክሩዝ» ይሉታል። የወንድሜ ልጆች ፎቶውን ካዩበት ቀን ጀምሮ «አባዬ፣ እኛስ መቼ ነው ክሩዝ የምንሄደው?» እያሉ እንቅልፍ ነሱት።

ይህችው የአክስታችን ልጅ እንዳጫወተችን የመጀመሪያዋ ቀን የምትጀምረው መርከቧ ላይ ሳይሆን መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ወደቡ አጠገብ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ አለ፤ ሒሳቡም በቀን ነው የሚታሰበው። መርከቧ ለሳምንት ስትሄድ መኪናዋ እዚያው ቆማ ሳምንቱን ሙሉ ትቆጥራለች። ዘዴኛ ሰው መጀመሪያ ቤተሰቡንና ሻንጣውን መግቢያው በር ላይ ያወርዳል፣ ሻንጣውን ለተሸካሚዎች ያስረክባል፣ ከዚያ ብቻውን ሄዶ መኪናውን ያቆማል። ያላወቀ ደግሞ ከነልጆቹ፣ ከነሻንጣው ከፎቅ ፎቅ ሲዞር ይውላል፤ ባልና ሚስትም ገና ባሕሩን ሳያዩ ይኳረፋሉ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ሁለተኛው የመጀመሪያ ቀን ጉዳይ የደኅንነት ልምምድ ነው። መንገደኛ ሁሉ አደጋ ቢመጣ የት እንደሚሰበሰብ፣ የሕይወት አድን ጃኬቱን እንዴት እንደሚለብስ ይነገረዋል። ብዙ ሰው ይሰለቸዋል። የተሰለቸው ግን ታሪኩን ስለማያውቅ ነው። ታይታኒክ የተባለችው መርከብ በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 1904 ዓ.ም. በመጀመሪያ ጉዞዋ ስትሰጥም የነፍስ አድን ጀልባዎቿ የሚበቁት ለግማሹ ሰው ያህል ብቻ ነበር። 1,500 ያህል ሰው አለቀ።

ያ ድሮ ነው እንዳትሉኝ። ጥር 4 ቀን 2004 ዓ.ም. ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለች ግዙፍ የጣሊያን መርከብ ሮም አቅራቢያ ካለው ወደብ በተነሳች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከአለት ጋር ተጋጭታ ተጋደመች። 32 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ቀን ከተሳፈሩት ብዙዎቹ ልምምዱ ገና አልደረሳቸውም ነበር፤ በዚያን ጊዜ ደንቡ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሰጥ ይል ነበርና። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ተለውጦ ልምምዱ መርከቧ ከመነሳቷ በፊት ወይም እንደተነሳች ወዲያው እንዲሆን ተደረገ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ጋምቤላም ወደብ ነበረች

ታዲያ ልጆቹ «እኛ ሀገር መርከብ የለም» እያሉ ሲያዝኑ እናታችን ሳቀች። «የቆማችሁበት ምን ነበረና!» አለች። እውነቷን ነው። ጋምቤላን ከተማ ያደረጋት መርከብ ነው።

በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ተፈቀደላቸው። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። ባሮ በሀገራችን ለመርከብ ጉዞ የሚያገለግል ወንዝ ስለሆነ ክረምት ገብቶ ሲሞላ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም ተነስተው ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና በዚህ ወርዷል፤ ጨውና ጨርቅ በዚህ ወጥቷል። በጋ ሲሆን ግን ወንዙ ይጎድላል፣ መርከቡም ይቀራል። ጣቢያው በሱዳን አስተዳደር ሥር ቆይቶ ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

ስለ ባሮ ካነሳን አይቀር አንድ መራራ ነገርም አለ። በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ሰላም ጓድ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ጋምቤላ ለሽርሽር መጥቶ ባሮ ውስጥ ሲዋኝ አዞ በላው። የአካባቢው ሰው ወንዙ አዞ እንዳለበት ያውቃል። እንግዳ ግን የረጋ ውሃ ሲያይ የረጋ ሕይወት ያለ ይመስለዋል።

አልዌሮስ? አልዌሮ ግድብ ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ፣ በአቦቦ ወረዳ ይገኛል። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች እገዛ የተሠራ ነው። የታሰበው ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት በመስኖ ለማልማት ነበር። ግድቡ ተሠርቶ ውሃው ቢጠራቀምም እርሻው እንደታሰበው ሳይሆን ብዙ ዓመት አለፈ። ውሃው ግን አሣ አረባ። ቆሮሶውም አምባዛውም ይወጣል። የጋምቤላ ሰውም እሑድ እሑድ ነፋስ ለመቀበል ብቅ ይልበታል።

እንግዲህ ወንድሜ እቁብ ደርሶት ነበርና «ክሩዛችን አልዌሮ ነው!» ብሎ አወጀ። የመንፈቅ ዓመት ትምህርት ዝግ ነው። የ4 ቀን ዕረፍት ወጣ፤ የመጀመሪያዋ ቀን የአልዌሮ ሆነች። የ9 ዓመቱ ወንድ ልጅ ካርቶን እየቆረጠ ለሁላችንም ትኬት ሠራ። የእናታችን ትኬት ላይ «አንደኛ ማዕረግ» ተብሎ ተጽፏል።

መኪናዋ የት ትቁም?

7 ሆነን ወጣን፦ ወንድሜ፣ ባለቤቱ፣ 3 ልጆች (የ12 ዓመት ሴት፣ የ9 ዓመት ወንድ፣ የ5 ዓመት ሴት)፣ እናታችንና እኔ። መኪናዋ ያረጀች ኮሮላ ናት። ሕጉ የሚፈቅደውን ሰው ቆጥረን ስለበዛን እኔና ትልቋ ልጅ በሕዝብ መኪና እስከ አቦቦ ሄድንና እዚያ ተገናኘን። ከዚያ ወዲያ ወንድሜ ተመላልሶ አደረሰን። የጥር ጠዋት ነው፤ የጋምቤላ ሙቀት ግን ጥር መሆኑን መች ያውቃል! ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር አካባቢ ነው። የደጋ ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይጣበቃል።

እንደደረስን ወንድሜ መኪናዋን ይዞ እስከ ውሃው አፋፍ ሊወርድ ሲል ባለቤቱ «እባክህ መጀመሪያ እማማን ጥላ ውስጥ አውርዳቸው» አለችው። የአሜሪካዋን ልጅ ወሬ ታስታውሳላችሁ? ያ ነው። እናታችንና ሕፃኗ፣ ምግቡና ጀሪካኑ ማንጎ ዛፍ ሥር ወረዱ። ከዚያ በኋላ ነው የመኪና ማቆሙ ጉዳይ የመጣው።

እዚያ የማቆሚያ ሕንፃ የለም፣ መስመር የለም፣ ትኬት ቆራጭ የለም። ያለው ሜዳና ዛፍ ነው። ሁለት ልጆች እየሮጡ መጡ፤ «ጋሼ፣ እኔ ልጠብቅልህ!» «ኧረ እኔ ነኝ ቀድሜ ያየሁት!» ወንድሜ ሁለቱንም እሺ ሊል ነበር። ማታ ሁለት ሒሳብ፣ ሁለት ኩርፊያ፣ ማን ጠበቀ ማን ተኛ የሚል ክርክር ማለት ነው። እናታችን ከጥላው ሆና «አንዱን ያዝ፣ ዋጋውንም አሁን ቁረጥ፤ ሌላኛው ዕቃ ያግዝ» ብላ ፈረደች። ሁለቱም ሥራ አገኙ፤ ዋጋውም ታወቀ።

ሌላም አለ። ወንድሜ መኪናዋን ውሃው ዳር አቁሞ በዚያው ሊያጥባት አስቦ ነበር። ጥበቃው በትሕትና «እዚህ አይታጠብም ጋሼ፤ ከታች ሰው ይጠጣዋል» አለው። ዘይትና ነዳጅ የነካው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ የምናስብ ስንቶቻችን ነን? በመጨረሻ ኮሮላዋ ከቁልቁለቱ ራቅ ብላ፣ ፊቷን ወደ መውጫው አዙራ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ተደርጎላት፣ ጥላ ሥር ቆመች። ፊቷን ወደ መውጫው ማዞሩ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሰው ቢታመም፣ ልጅ ቢነከስ፣ ዝናብ ቢመጣ ግን ወደኋላ መመለስ፣ መዞር የለም፤ ሞተር አስነስቶ መውጣት ብቻ ነው።

ወንድሜ ቁልፉን የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ሲከት እናታችን እንደገና ተናገረች። «ቁልፉን ለሚቀረው ስጥ።»

«እማዬ፣ አንቺ ደግሞ! ኪሴ ውስጥ ምን ይሆናል?»

«አንተ ጎንበስ ስትል እሱ ይወድቃል። ከዚያ አዳራችን ከወባ ጋር ነው።»

መንጃ ፈቃድ ስላለኝ ቁልፉ እኔ ዘንድ ቀረ።

4 ጃኬት፣ 7 ሰው

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ወንድሜ ቀደም ብሎ በስልክ የተነጋገረው ባለጀልባ ጠበቀን። ወጣት ነው፤ ጨዋ ነው፤ አማርኛውም ጥሩ ነው። ጀልባዋ አሣ የሚጠመድባት፣ ከኋላዋ ትንሽ ሞተር የተገጠመላት ናት። «8 ሰው ትይዛለች» አለ። ወንድሜም ቀብድ ሰጥቶ ነበርና «በሉ ተሳፈሩ!» ብሎ እጁን አጨበጨበ። ልጆቹ ትኬታቸውን እያውለበለቡ ሮጡ።

የወንድሜ ሚስት አልተንቀሳቀሰችም። «የሕይወት አድን ጃኬቶቹስ?» አለች።

ባለጀልባው ከጀልባዋ ሆድ 4 ጃኬት አወጣ። ብርቱካናማ ቀለማቸው በፀሐይ ነጥቷል።

«4 ነው ያለው። እኛ ግን 7 ነን፤ ከአንተ ጋር 8።»

«እህቴ፣ ውሃው ፀጥ ያለ ነው» አለ ልጁ።

«ለልጆቹ ይበቃል» አለ ወንድሜ። «እኛ ትልልቆቹ ምን እንሆናለን?»

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ወንድሜ መዋኘት አይችልም። እኔም አልችልም። እናታችን እንኳን መዋኘት ሻወር ቤት ስትገባ ታማትባለች። ታዲያ «ምን እንሆናለን?» የሚለው ድፍረት ከየት መጣ? ከሰው ፊት ነው የመጣው። ጥበቃው ያያል፣ መኪና ጠባቂው ልጅ ያያል፣ ሌሎች ሽርሽር የመጡ ሰዎች ያያሉ። ገንዘቡ ደግሞ ተከፍሏል! የከፈልንበት ነገር እንዳይቀርብን ስንል ስንት ነገር እንደምናጣ...

ባለቤቱ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ትንሿን ልጅ አንዱን ጃኬት አለበሰቻት፣ ማሰሪያዎቹን ሁሉ አጠበቀች፣ ከዚያ የጃኬቱን ትከሻ ይዛ ወደ ላይ ሳብ አደረገችው። ጃኬቱ ሽቅብ ሄዶ የሕፃኗን አገጭና ጆሮ ሸፈነ። የትልቅ ሰው ጃኬት ነው። «ይኸው፣ ውሃ ውስጥ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፤ ልጄ ታመልጣለች። ይቺ አትሄድም» አለች። ትንሿ እሪ አለች።

«ቀኑን አበላሸሽው» አለ ወንድሜ።

«ይበላሽ» አለች።

አንባብያን፣ በዚያች ደቂቃ ዕረፍቱ ሁሉ አበቃ ብዬ ነበር። ወንድሜ ፊቱ ጠቆረ። ልጆቹ ዝም አሉ። ያዳነችን የሷው ሂሳብ ናት፦ «4 ጃኬት ካለ 4 ሰው ይሂድ። አንተ፣ ሁለቱ ትልልቅ ልጆችና ባለጀልባው። አንተም ልጄ ልበስ! አንተ ከወደቅህ ጀልባዋን ማን ይነዳታል?» ባለጀልባው ሳቀ፤ ግን ለበሰ። ለበሱ ሁሉም። እሷም የሁሉንም ትከሻ እየሳበች አየች፤ የባሏንም ጭምር። እሱ እንደ ተቆጣ ሕፃን ወደ ሌላ ጎን እያየ ቆመላት።

ማንጎው ሥር የሰማሁት

ጀልባዋ ሞተሯን አስነስታ ራቀች። እናታችን ሕፃኗን በቆሎ እሸት ልትጠብስላት ወስዳ አባበለቻት። እኔና የወንድሜ ሚስት ማንጎው ሥር ቆመን ጀልባዋን እንከተላለን።

«እትዬ፣ አልበዛም?» አልኳት ቀስ ብዬ።

ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ዓይኗን ከውሃው ሳትነቅል ነገረችኝ። ያደገችው ጣና ዳር ነው። የ8 ዓመት ልጅ ሳለች የ11 ዓመት ወንድሟ ከጓደኞቹ ጋር በደንገል ታንኳ ወጣ። ልብሱ እንዳይርስ ብሎ አውልቆ ለሷ ሰጣት። ከሰዓት ነፋስ ተነሳ። ጓደኞቹ ዋኝተው ወጡ። እሱ አልወጣም።

«ልብሱን አጣጥፌ ይዤ ቆሜ ነበር» አለችኝ። «እስኪመሽ ድረስ። ሰው መጥቶ ሲቀበለኝ እንኳን አልለቅም አልኩ።»

«ወንድሜ ያውቃል?»

«ወንድሜን ውሃ እንደወሰደው ያውቃል። እኔ ዳር ቆሜ ማየቴን ግን አልነገርኩትም። 13 ዓመት አብረን ኖርን፤ የሚነገርበት ቀን አልመጣም።»

ይህን እያወራን ሳለ የሞተሩ ድምፅ ቆመ።

መጀመሪያ ዓሣ ለማየት የቆሙ መሰለኝ። ባለጀልባው ግን ጎንበስ ብሎ ገመዱን ይስባል፤ ደግሞ ይስባል፤ ሞተሩ እምቢ አለ። በዚያ ላይ ጠዋት እንደ መስታወት የነበረው ውሃ ተሸብሽቧል። ነፋሱ ጀልባዋን እየገፋ ከመሐል ወደ ደረቁት ዛፎች ይወስዳት ጀመር። የ9 ዓመቱ ልጅ ብድግ ሲል ይታየናል፤ ጀልባዋ ስትዘም ይታየናል። ወዲያው የወንድሜ እጅ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ሦስቱም ወለሉ ላይ ዝቅ ብለው፣ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ባለጀልባው መቅዘፊያውን አነሳ።

የወንድሜ ሚስት አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች። ምን ይዛ እንደቆመች የገባኝ በኋላ ነው።

በአንድ መቅዘፊያ ከነፋስ ጋር እየታገሉ ዳር ለመድረስ 40 ደቂቃ ፈጀባቸው። ሌላ አሣ አጥማጅ መንገድ ላይ ደርሶ ጀልባዋን በገመድ ባይስብ ከዚያም በላይ ይፈጅ ነበር። ማንም ውሃ ውስጥ አልወደቀም። ማንም አልተጎዳም። ግን እስቲ አስቡት፤ እንደተጀመረው 8 ሰው፣ 4 ጃኬት፣ አንዲት የምታለቅስ ሕፃን፣ አንዲት የምትርበደበድ አሮጊት ተሳፍረው ቢሆንስ? ጀልባዋ ምን ያህል ጠልቃ ትቀመጥ ነበር? ሁሉም በአንድ ጎን ብድግ ቢል?

ወንድሜ ሲወርድ ሸሚዙ ርሷል። ጃኬቱን ፈታና ለሚስቱ በእጇ ሰጣት። ምንም አላለም። ባለጀልባው ግማሹን ገንዘብ ልመልስ ሲለው «አይ፣ ለጃኬት ግዛበት» አለው። ልጆቹማ የጀብዱ ታሪክ አግኝተዋል! የ9 ዓመቱ ልጅ ለታናሽ እህቱ ስለ ማዕበሉ ሲያወራ ማዕበሉ በየደቂቃው ያድግ ነበር። ከዚያ የተጠበሰ አሣ በላን፣ ቡና ተፈላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ጋምቤላ ተመለስን።

ማታ በረንዳ ላይ ባልና ሚስት ብቻቸውን ተቀምጠው አየሁ። የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ወንድሜ «ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም?» አላት። እሷም «ለምን ጠይቀኸኝ?» አለችው። በቃ፣ በሩን ዘግቼ ገባሁ። በቀሩት 3 ቀናት ባሮን ከድልድይ ላይ ሆነን አየን፤ ማንም አልቀረብንም አላለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አልዌሮም ሆነ ጣና፣ ላንጋኖም ሆነ ሐዋሳ፣ ቤተሰብ ይዛችሁ ውሃ ላይ ለመውጣት ያሰባችሁ ሁሉ እነዚህን ያዙ።

1ኛ. ከመነሳታችሁ በፊት ተጠያየቁ። «ውሃ የሚፈራ አለ?» ማለት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። የሚፈራ ሰው ካለ ለምን እንደሚፈራ ስሙት እንጂ አትሳቁበት።

2ኛ. የአካባቢውን የሰላም ሁኔታ ጠይቁ። ጋምቤላ ውስጥ ግጭት የተነሳባቸው ጊዜያት ስላሉ በዋዜማው የወረዳውን ሰዎችና መንገዱን የሚመላለሱ ሾፌሮችን ማነጋገር ተገቢ ነው። ግድብ ላይ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊትም ጥበቃዎችን አስፈቅዱ።

3ኛ. መኪናን በሚመለከት፦ መጀመሪያ አዛውንትና ሕፃን ጥላ ሥር ይውረዱ። መኪናው ከቁልቁለትና ከውሃ አፋፍ ይራቅ፤ ፊቱ ወደ መውጫው ይዙር፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ይግባ። ጠባቂ አንድ ይሁን፤ ዋጋው አስቀድሞ ይቆረጥ። ልጅ ወይም በሽተኛ በቆመ መኪና ውስጥ ብቻውን አይቀመጥ፤ በቆላ ፀሐይ የተዘጋ መኪና በደቂቃዎች ውስጥ ምድጃ ይሆናል። ቁልፉ ደግሞ ዳር ከሚቀረው፣ መንዳት ከሚችለው ሰው ጋር ይሁን።

4ኛ. ጃኬት ቁጠሩ። የሚሳፈረው ሰው ልክ የጃኬቱ ቁጥር ነው፤ የጀልባዋ ስፋት አይደለም። ባለጀልባውም ይቆጠራል። ጃኬቱ የሚለበሰው መሬት ላይ ነው፤ ከተሳፈሩ በኋላ አይደለም። ትከሻውን ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ አገጭና ጆሮ ከሸፈነ ሰፊ ነው ማለት ነው። ልክ የሚሆን ከሌለ ልጁ ዳር ይቅር። ያለቅስ፤ ያለቀሰ ልጅ በከረሜላ ይታለላል።

5ኛ. ጠዋት ውጡ። ጣናን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚነግራችሁ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። መቅዘፊያ መኖሩን፣ ነዳጅ መሞላቱን ጠይቁ። ሞተር ቢቆም ማንም አይነሳ፤ ዝቅ ብሎ መሐል ላይ መቀመጥ ነው።

6ኛ. ልጆችን ዳር ዳሩን ውሃ ውስጥ አታንቦጫርቁ። አዞ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። በረጋ ውሃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት የሚተላለፈው ቢልሃርዚያ በቆዳ በኩል ይገባል።

7ኛ. ሳይመሽ ተመለሱ። የወባ ትንኝ ሥራ የምትጀምረው እኛ ስናርፍ ነው። አጎበር ሥር እደሩ። ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሌላ ደጋ ከተመለሳችሁ ከሳምንት፣ ከወርም በኋላ ትኩሳት ቢይዛችሁ ለሐኪሙ «ጋምቤላ ነበርኩ» በሉት። ይቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ሕይወት ታድናለች።

ለባሎች አንድ ልዩ መልእክት አለኝ። ሚስትህ ሰው ፊት «ይቅር» ስትልህ ክብርህን የነካች አይምሰልህ። ምናልባት አንተ የማታውቀውን ውሃ አይታ ይሆናል። ለሚስቶች ደግሞ፦ የምትፈሩትን ነገር 13 ዓመት አታስቀምጡት። ባል ጠንቋይ አይደለም፤ ካልነገራችሁት አያውቅም።

የወንድሜ ልጅ ለሚቀጥለው ዓመት አዲስ ትኬት እየሠራ ነው። በዚህኛው ላይ ከስም በታች አንድ መስመር ጨምሮበታል፦ «ጃኬት ያልለበሰ አይሳፈርም»። ይህን ያህል ከተማረ የእቁቡ ገንዘብ አልባከነም።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!